ቬሎ፣ ካባና ላይት ሜትር፦ ብርሃኑን ካሜራው ይለካልኝ ወይስ በእጄ ልለካ?

ሠርግ ላይ ነኝ፣ ጠዋት። ሙሽራዋ መስኮት ስር ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ ገና እየተሠራ ነው። ላይት ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ አገጯ ስር ጠጋ ሳደርገው አያቷ ከሶፋው ላይ ሆነው «ልጄ፣ አተኮሳት እንዴ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ብርሃን እየለካሁ ነው።»

«ካሜራው አይለካም?»

ይለካል እንጂ። ስልካችሁ እንኳ ይለካል። ታዲያ ሰው ለምን ሌላ መሣሪያ ገዝቶ ይዞራል? ይሄን ጥያቄ ሥራውን የሚጀምሩ ልጆችም ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ እኔ የምሄድበትን መንገድ ከነሙከራው ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ቁም ነገሩ ይሄ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። ካሜራው የሚለካው ከምታነሱት ነገር ላይ ነጥሮ የተመለሰውን ብርሃን ነው። ነጯ ዶም (ግማሽ ኳስ የመሰለች ሽፋን) ያለችው የእጅ ሜትር ደግሞ በምታነሱት ነገር ላይ የሚያርፈውን። ስለዚህ «የቱ ይበልጣል?» የሚለው ክርክር የትም አያደርስም። እኔ ራሴን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የማነሳው ሰው ያለበት ቦታ ሄጄ እጄን መዘርጋት እችላለሁ? ብርሃኑስ ለጥቂት ደቂቃ ባለበት ይቆይልኛል? ሁለቱም አዎ ከሆኑ የእጅ ሜትሩ ይወጣል። አንዱ እንኳ አይ ከሆነ ኪሴ ውስጥ ይቆያል።

መጀመሪያ ካሜራችሁን ፈትኑት

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ኮትና ግራጫ ነገር ፈልጉ። ግራጫው ያልተቀባ የሲሚንቶ ግድግዳ ቢሆን ለሙከራ ይበቃል። ሦስቱም አንድ ጥላ ውስጥ ይሁኑ። ካሜራውን አፐርቸር ፕራዮሪቲ ላይ አድርጉት፤ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት፣ እናንተ ትመርጣላችሁ፤ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ እሱ ይመርጣል። አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 400፣ አፐርቸሩን ኤፍ 8 አድርጉ፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አውቶ አይ ኤስ ኦን አጥፉ፣ አለበለዚያ ሙከራው ይምታታባችኋል። አሁን ነጠላውን ብቻ ፍሬሙን ሞልቶ አንሱት። ከዚያ ኮቱን። ከዚያ ግድግዳውን። ጨርቁ ላይ ፎከስ አልይዝ ካለ ወደ ማንዋል ፎከስ ቀይሩት፤ ፎቶው ጥርት ማለት የለበትም።

እኔ በረንዳዬ ላይ ስሞክረው ግድግዳው 1/250 አለኝ። ነጠላው 1/1000። ኮቱ 1/60። ልብ በሉ፣ ፀሐይ አልገባች፣ ደመና አልመጣ፣ እኔም ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ግን በነጠላውና በኮቱ መካከል አራት ስቶፕ ልዩነት ወጣ። (ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ወይም በግማሽ መቀነስ ነው፤ ከ1/60 ወደ 1/125 አንድ ስቶፕ፣ ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 5.6ም አንድ ስቶፕ።) ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ደግሞ ሦስቱም ግራጫ ናቸው። ነጠላው በደፈረሰ ውሃ የታጠበ ይመስላል። ኮቱ ፀሐይ የበላው።

ካሜራው አልተበላሸም። ከፊቱ ያለው ነጠላ ይሁን ኮት አያውቅም፣ ስለዚህ ሁሉንም ነገር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ይህም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ አካባቢውን የሚመልስ ግራጫ ነው። ነጩን ያጨልመዋል፣ ጥቁሩን ያፈካዋል። ሁልጊዜ ወደ መሃል ይጎትታል።

የእጅ ሜትሩን ዶም ወደ ካሜራው አዙራችሁ ከሦስቱም ፊት ብትለኩ ግን ሦስቴም አንድ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ 1/250። ጨርቁን አላየውማ! በዚያ ቁጥር ብታነሱ ነጠላው ነጭ፣ ኮቱ ጥቁር ይወጣል። የልዩነቱ ሁሉ ምንጭ ይቺ ናት።

በካሜራው ብቻ ጥሩ አድርጎ መሥራት

አሁን ሮጣችሁ ሜትር እንዳትገዙ። ካሜራው ወዴት እንደሚጎትት ካወቃችሁ፣ በተቃራኒው መጎተት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የመለኪያ ዘዴውን ምረጡ። ፍሬሙን በሙሉ ከፋፍሎ የሚያየውን ኒኮን ማትሪክስ፣ ካኖን ኢቫሉዌቲቭ፣ ሶኒ መልቲ ይሉታል። ኒኮን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ኤፍ ኤ በተባለው ካሜራው ነው፣ ዛሬ የሌለው ካሜራ የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። እኔን የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው፦ በራሱ ጊዜ ያስተካክላል፣ መቼ እንዳስተካከለና መቼ እንዳላስተካከለ ግን አይነግራችሁም። መሃሉን አብዝቶ የሚመዝነው የድሮው ዘዴ ሞኝ ነው፣ ግን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ትለምዱታላችሁ። ስፖት ደግሞ ከፍሬሙ ከ1 እስከ 5 በመቶ የምትሆን ነጥብ ብቻ ያያል። በአንዳንድ ካሜራ ነጥቧ መሃል ላይ ነው የምትቆመው፣ በሌላው የፎከስ ነጥቡን ተከትላ ትሄዳለች። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ስፖትን አትንኩ።

ይህን የምለው ተቃጥዬበት ነው። ማታ መድረክ ላይ ስፖት ስጠቀም አመሸሁና ሳልመልሰው በማግስቱ ሠርግ ሄድኩ። ነጥቧ ሙሽራው ሱፍ ላይ ስታርፍ ቬሎው ነጭ ወረቀት፣ ቬሎው ላይ ስታርፍ ሙሽራው ከሰል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ አንስቻለሁ። በኮምፒውተር የተረፈው ተረፈ፣ ያልተረፈውን ለማንም አላሳየሁም።

ቀጥሎ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ልመዱ። ፍሬሙን ቬሎ ወይም የጥምቀት ነጭ ልብስ ከሞላው ከ+1 እስከ +2 ስቶፕ ጨምሩ። ጥቁር ነገር ከሞላው ቀንሱ። የመልስ ካባ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጥቁር ቬልቬቱ ብርሃን ይውጣል፣ ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ሹተሩን ያዘገያል፣ በዚህ መሃል ወርቃማው ጥልፍ ይቃጠላል። ክሩ አንድ በአንድ መታየት ሲገባው ቢጫ ጭቃ ሆኖ ያርፈዋል። ለካባ ከ−1 ጀምሩና ጥልፉን አጉልታችሁ እዩ፤ ፊታቸው ቢጨልም በኋላ ትንሽ ማፍካት ይቻላል፣ የተቃጠለ ጥልፍ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ፊት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ፣ አንድ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ሁሉም ይሰለፋሉ። ፍሬሙን አንድ ፊት ብቻ ከሞላው፣ የጠይም ሰው ፊት ለመካከለኛው ግራጫ ስለሚቀርብ ብዙም መንካት አያስፈልግም። ቀይ ለሆነ ሰው ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ጨምሩ፣ በጣም ጠቆር ላለ ያንኑ ያህል ቀንሱ። ግምት ነው፣ ሕግ አይደለም። ዋናው ነገር ቁጥሩን አንዴ ካገኛችሁ ወደ ማንዋል (ካሜራው በራሱ ምንም ወደማይቀይርበት) አዙራችሁ እዚያው መቆየት ነው። ሰው በተቀየረ ቁጥር ቁጥሩን ከቀየራችሁ፣ ሚዜዎቹ በየፎቶው ሲጠቁሩና ሲቀሉ ይታያሉ።

ነፃ ሜትር ደግሞ አላችሁ፣ መዳፋችሁ። መዳፍ ከሰው ሰው ብዙ አይለያይም፣ የእጅ ጀርባ ቢጠቁርም መዳፉ ፈካ ያለ ነው፣ ከመካከለኛው ግራጫ በአንድ ስቶፕ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ መዳፋችሁን ሰውየው ላይ ያረፈው ብርሃን ውስጥ ዘርጉት፣ ፍሬሙን በመዳፋችሁ ሙሉትና ለኩ፣ ከዚያ አንድ ስቶፕ ክፈቱ። ካሜራው 1/500 ካለ እናንተ 1/250። ጥምቀት ላይ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ያዳነችኝ ይቺ ናት። መዳፋችሁ ትክክል አንድ ስቶፕ መሆኑን ግን ቤት ውስጥ በግራጫ ካርድ (ለልኬት ተብሎ በመካከለኛው ግራጫ የተሠራ ካርቶን) አረጋግጡ፤ የእኔ ከአንድ ትንሽ ያንሳል።

አንድ ነገር በጎን ልንገራችሁ፦ ካሜራችሁ መስታወት ያለው የድሮው ዓይነት ከሆነና ትራይፖድ ላይ አስቀምጣችሁ ዓይናችሁን ሳታስጠጉ የምትለኩ ከሆነ፣ በማያው ቀዳዳ ከኋላ ብርሃን ይገባና ልኬቱን ያዛባል። በእጃችሁ ወይም በኮፍያ ሸፍኑት። መስታወት አልባዎቹ ላይ ይህ ችግር የለም።

የእጅ ሜትሩን ስትይዙ

አይ ኤስ ኦውን ሜትሩም ላይ ካሜራውም ላይ አንድ አድርጉት። ቀላል ይመስላል። ካሜራውን ወደ 800 አንስታችሁ ሜትሩን 100 ላይ ስትረሱት ነው የሚገባችሁ።

ሹተሩን ምረጡ፤ ለሚንቀሳቀስ ሰው 1/250 እንበል። ነጯን ዶም ወደ ፊት አውጧት። ትናንሾቹ ሜትሮች ላይ ዶሟ ተንሸራታች ናት፣ ወደ ጎን ከሄደች ሜትሩ እንደ ካሜራው የተመለሰ ብርሃን ነው የሚለካው፣ ስለዚህ የት እንዳለች እዩ።

አሁን ዋናው ነገር። ወደ ሰውየው ሂዱ። ሜትሩን ፊቱ አጠገብ፣ አገጭ ከፍታ ላይ አድርጉና ዶሟን ወደ ካሜራው አዙሯት። ወደ ፀሐይ አይደለም፣ ወደ አምፖሉ አይደለም፣ ፎቶው ወደሚነሳበት ሌንስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ዶሟ ክብ የሆነችው ፊት ክብ ስለሆነ ነው፦ ከጎን የመጣውም ከላይ የመጣውም ብርሃን ጉንጭና ግንባር ላይ በሚያርፍበት መጠን እሷም ላይ እንዲያርፍ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ራቅ በሉ፣ ጥላችሁ እንዳያርፍባት። ነጭ ሸሚዝ ከለበሳችሁም ከደረታችሁ የሚነጥረው ብርሃን ይደርስባታል፣ ጎን ቁሙ።

ተጫኑ። 5.6 ይልና ከጎኑ ትንሽ 5 ያሳያል እንበል። ብዙ ሜትሮች ላይ ትንሿ ቁጥር የስቶፕ አሥረኛ ክፍል ናት፤ 5.6 ከ5 ማለት በኤፍ 5.6ና በኤፍ 8 መካከል ግማሽ መንገድ ነው። ካሜራውን ማንዋል አድርጋችሁ ቁጥሩን ስጡትና አንሱ፣ ብርሃኑ እስኪቀየር ድረስ አትንኩት። ሙሽራዋ ዞረች፣ ሙሽራው ከፊቷ ገባ፣ ሚዜዎቹ ተደረደሩ፣ ቁጥሩ ያው ነው። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጡ አንዱን ፎቶ አስተካክላችሁ ለቀሪዎቹ ሁሉ መቅዳት ትችላላችሁ። ለእኔ የእጅ ሜትር ዋጋው ትክክለኛነቱ ሳይሆን ይሄ ነው፣ ሁለት ቀን እንቅልፍ ተረፈኝ ማለት ነው።

ሰውየው ጋ መድረስ ባትችሉም፣ እናንተም እሱም አንድ ፀሐይ ላይ ከሆናችሁ እዚያው ባላችሁበት ለኩ፤ ዶሟ የምትዞርበት አቅጣጫ ብቻ አንድ ዓይነት ይሁን። ጀርባችሁን ለሰውየው ሰጥታችሁ ሜትሩን ከፊታችሁ ያዙ፣ ያ ነው። ሜትሩ ያመጣውን ቁጥር ደግሞ በድሮው ሕግ አመሳክሩት፦ ጥርት ባለ ፀሐይ ኤፍ 16፣ ሹተሩም የአይ ኤስ ኦውን ቁጥር የሚጠጋ። አይ ኤስ ኦ 100 ከሆነ 1/125 ማለት ነው። ሜትሩ ቀትር ላይ ከዚህ በሁለት ስቶፕ ከራቀ አንድ ነገር ረስታችኋል፣ ወይ ሜትሩ ታሟል።

ፀሐይ ከጀርባ ሲሆን ዶሟ ወደ ካሜራው ስለዞረች ጥላውን ወገን ነው የምትለካው። ፊቱ በትክክል ይወጣል፣ ሰማዩ ይነጣል። እኔ ይስማማኛል። ሰማዩን ከፈለጋችሁ አንድ ስቶፕ ዝጉና ፊቱን በፍላሽ ወይ በሪፍሌክተር (ብርሃን በሚመልስ ሰሌዳ) አፍኩት።

ሜትሩን ኪስ ውስጥ የምትተዉባቸው ቦታዎች

የራሱ ብርሃን ያለው ነገር፦ የፀሐይ መጥለቂያ፣ ኒዮን፣ ሻማ፣ ባለቀለም የቤተ ክርስቲያን መስኮት። ዶሟ እናንተ ላይ ያረፈውን እንጂ መስኮቱ ውስጥ የሚያልፈውን አታውቅም። እዚህ ስፖት ይሻላል።

መድረክ ላይም እንደዚያው። ዘፋኙ ጋ ወጥታችሁ አገጩ ስር ሜትር ልታደርጉ አትችሉ! መብራቱም በየሰከንዱ ይቀያየራል።

ሌንሱ ላይ የሚታሰር ነገርም አለ። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) አንድ ተኩል ስቶፕ አካባቢ ይበላል። ቀለበትን በቁሙ ልክ ስታነሱ፣ ማለትም ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል ከቀለበቱ ጋር እኩል ሲሆን፣ ሁለት ስቶፕ ገደማ ይጠፋል። ካሜራው በሌንሱ ውስጥ ስለሚያይ ይህን ሁሉ ሳትነግሩት ያካትተዋል። የእጅ ሜትሩ አያውቅም፤ እናንተ ካልደመራችሁለት ፎቶው ይጨልማል።

የጥምቀት ሰልፍም እዚህ ውስጥ ይገባል። ጥር 11 ታቦቱ ሲመለስ ሕዝቡ ይንቀሳቀሳል፣ እናንተም ትንቀሳቀሳላችሁ። አሁን ፀሐይ፣ አሁን የባሕር ዛፍ ጥላ። ከላይ ነጭ ልብስ፣ ከሥር በጥላው ጃንጥላ የተጋረደ ፊት። አንድ ዓመት በእጅ ሜትር ልሠራው ሞከርኩ፣ ቁጥሩን አንብቤ ቀና ስል ካህናቱ አልፈዋል። አሁን ጠዋት ገና ሰው ሳይበዛ ሁለት ልኬት እወስዳለሁ፣ አንድ ለፀሐዩ፣ አንድ ለጥላው። ካሜራው ላይ ባሉት ሁለት የማስታወሻ ቦታዎች አስቀምጣቸውና ከዚያ በኋላ በአውራ ጣቴ መቀያየር ብቻ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ተባብረው የሚሠሩበት ቀን ቢኖር ይሄ ነው።

ፍላሽ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል

ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ሦስት ማንዋል ፍላሽ ካላችሁ ካሜራው ውስጥ ያለው ሜትር አይረዳችሁም። እሱ የሚለካው ከመተኮሱ በፊት ያለውን የክፍል ብርሃን ነው፣ ፍላሹ ደግሞ በሺህኛ ሰከንድ መጥቶ ይጠፋል። ካሜራው ጋር ተናግሮ የሚሠራ የራሱ ብራንድ ፍላሽ ሌላ ነው፣ እሱ ቀድሞ ትንሽ ብልጭ ብሎ ይለካል።

ፍላሽ የሚለካ ሜትር ይኑራችሁ፣ ሁሉም አይለካም። የመብረቅ ምልክት ያለበት ሞድ ላይ አድርጉት፣ ሹተሩን 1/125 አድርጉ። ሰውየው ፊት ያዙት፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ይጠብቃል፤ በትሪገሩ (ፍላሹን ከሩቅ በሚያበራው ቁልፍ) ፍላሹን ተኩሱ፣ ቁጥሩ ይመጣል።

መጀመሪያ ዋናውን መብራት ብቻ አብርታችሁ ለኩ፦ ኤፍ 8 እንበል። አጥፉት። ማሟያውን፣ ማለትም ጥላውን የሚያለሰልሰውን ሁለተኛ መብራት፣ ብቻ ለኩ፦ ኤፍ 5.6። የአንድ ስቶፕ ልዩነት፣ ለስለስ ያለ ፊት፣ እናቶች የሚወዱት። ማሟያው ኤፍ 4 ከሆነ ሁለት ስቶፕ ነው፣ ግማሽ ፊቱ ጥላ ይገባል፣ ለወንድ ሙሽራ ያምራል። መብራቶቹን ለየብቻ ስትለኩ ዶሟን፣ ወደ ውስጥ የምትገባ ዓይነት ከሆነች አስገብታችሁ፣ ወደየመብራቱ አዙሯት። ወደ ካሜራው የሚለውን ሕግ የምጥሰው እዚህ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሁሉንም አብርታችሁ፣ ዶሟን አውጥታችሁ፣ ወደ ካሜራው። ካሜራችሁ ላይ የምታስገቡት ያንን የመጨረሻውን ቁጥር ነው።

የምረቃ ፎቶ ላይ ከጥቁር ጋዋን ጀርባ ያለው ነጭ ጨርቅ ግራጫ ይሆንብናል ለሚሉ ሰዎች፦ ጨርቁ ላይ ለብቻው ለኩ። ተመራቂው ላይ ኤፍ 8 ከሆነ ጨርቁ ላይ ኤፍ 11 አካባቢ ይሁን። ከዚያ በላይ ካደረጋችሁት ብርሃኑ ተመልሶ የቆቡን ጠርዝ ይበላዋል።

የቤተሰብ ፎቶ ላይ፣ ሃያ ሰው ተደርድሮ፣ መብራቱ በአንድ ጎን ሲሆን፣ ግራ ጫፍ፣ መሃል፣ ቀኝ ጫፍ ለኩ። ፍላሽ ከ1 ሜትር ወደ 1.4 ሜትር ሲርቅ አንድ ስቶፕ ይጥላል፣ 2 ሜትር ላይ ሁለት። ከመብራቱ አጠገብ ያለችው አክስት ስትቃጠል ጫፍ ላይ ያለው አጎት ይጨልማል። መፍትሔው መብራቱን ወደ ኋላ ማራቅና ከፍ ማድረግ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ልዩነት ከግማሽ ስቶፕ እስኪያንስ።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ፍላሽ ብቻ ያለው ሰው አንድ አንስቶ፣ ሂስቶግራሙን (ፎቶው ውስጥ ያለውን ጨለማና ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ) አይቶ፣ አስተካክሎ ሊሠራ ይችላል። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የጀመርነው። ስክሪኑን ብቻ እያያችሁ ግን አትፍረዱ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ የጨለመ ፎቶ እንኳ ስክሪን ላይ ፍክት ብሎ ይታያል።

የድሮ ፊልም ካሜራ ያላችሁ

አጭር ነው፦ የእጅ ሜትር ወይም የስልክ አፕ ያዙ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹና ከ70ዎቹ ካሜራዎች ብዙዎቹ የተሠሩት 1.35 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነው፣ ያ ባትሪ አሁን አይመረትም። በቦታው 1.5 ቮልት ሲገባ አንዳንዶቹ ልኬታቸው ይዛባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን አብዝተው ያያሉና ፎቶው ይጨልማል። ለመስሚያ መሣሪያ የሚሸጠው 675 ዚንክ ኤር ባትሪ 1.4 ቮልት ስለሆነ ይቀርባል፣ ቀለበት ነገር ዙሪያውን አድርጋችሁለት። ቶሎ ግን ያልቃል። የቀለም ኔጋቲቭ ፊልም ላይ ከተጠራጠራችሁ ወደ ማብዛቱ አድሉ፣ አንድ ስቶፕ ቢበዛ አይጎዳውም። ስላይድ ፊልም ግን ግማሽ ስቶፕም ይቅር አይልም።

ሁለቱን ማስማማት

ሜትር ገዝታችሁ በማግስቱ ሠርግ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። መጀመሪያ ከካሜራችሁ ጋር ይተዋወቁ። እኩል ጥላ ውስጥ ግራጫ ካርድ አቁሙ፣ ሳይንጸባረቅ። በካርዱ ቦታ በዶሟ ለኩና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ካሜራውን ካርዱ ላይ ብቻ አድርጋችሁ በስፖት ለኩና ጻፉ። ከሲሶ እስከ ግማሽ ስቶፕ ቢለያዩ አትደንግጡ፣ አምራቾቹ የሚያስተካክሉበት መነሻ አንድ አይደለም። ሌንሱም በመስታወቱ ብዛት ትንሽ ብርሃን ይበላል።

ማን ልክ እንደሆነ የሚፈርደው ፎቶው ነው። በሜትሩ ቁጥር ካርዱንና አንድ ሰው አብራችሁ አንሱ። ካርዱ ሂስቶግራሙ ላይ መሃል አካባቢ ከቆመና ፊቱ ደህና ከሆነ ጨርሳችኋል። በየጊዜው በሲሶ ስቶፕ የሚጨልም ከሆነ ሜትሩ ውስጥ ያን ማስተካከያ አስገቡት። ቦታ ከሌለው ጀርባው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት፤ የእኔ ላይ ከሦስት ዓመት በፊት የጻፍኩት «+0.3» አሁንም አለ።

ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የምታነሱት ልጆቻችሁን፣ መንገድ ላይ ያለ ሕይወትን፣ ዜናን ወይም ስፖርትን ከሆነ አትግዙ። መስታወት አልባ ካሜራ ካላችሁ ደግሞ ከማንሳታችሁ በፊት ውጤቱ ማያው ውስጥ ይታያል፣ የሚቃጠለው ቦታ ላይ የሚሮጡ መስመሮችን አብሩና ሥሩ። ለሌንስ አጠራቅሙ።

እንደዚያም ሆኖ መሞከር የምትፈልጉ ከሆነ የስልክ አፕ አውርዱ። አብዛኞቹ በስልኩ ካሜራ የሚለኩ ናቸውና እነሱም የተመለሰውን ብርሃን ነው የሚያዩት፣ የነጠላውና የኮቱ ጣጣ አይቀርላቸውም። መዳፋችሁን ወይም ግራጫ ካርድ ካሳያችኋቸው ግን ደህና ናቸው። ፍላሽ አይለኩም።

ሁለት እና ከዚያ በላይ ማንዋል ፍላሽ ካላችሁ፣ በፊልም የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም እንደ እኔ ሙሉ ቀን አንድ ሙሽራ አንስታችሁ ፎቶዎቹ በአልበም ላይ አንድ ዓይነት እንዲመስሉ የምትፈልጉ ከሆነ ግዙ። ትልቁን አትፈልጉ። የሴኮኒክ ኤል-308 ዓይነት፣ በአንድ ተራ የድንጋይ ባትሪ የሚሠራ፣ ፍላሽም የሚለካ ይበቃል። ኤል-398 ደግሞ ጭራሽ ባትሪ አይፈልግም፣ መርፌ ነው ያለው፣ ግን ፍላሽ አይለካም፣ ጨለማም ላይ ይደክማል።

ያገለገለ ስትገዙ ከሻጩ ጋር ፀሐይ ላይ ውጡ። ኤፍ 16ን፣ አይ ኤስ ኦ 100ን ሞክሩ፣ 1/125 አካባቢ ካለ ጥሩ ነው። ቀጥላችሁ ጥላ ውስጥ ግቡና ከካሜራችሁ ጋር አስተያዩት፣ ምክንያቱም የደከመ ሜትር ፀሐይ ላይ ደህና መስሎ ጥላ ውስጥ ነው የሚጋለጠው። ያለ ባትሪ በሴሊኒየም (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይር ቁስ) የሚሠሩት የድሮዎቹ ለዚህ ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው። የባትሪ ቤቱን ክፈቱ፣ አረንጓዴ ዝገት ካለ ተዉት። ዶሟ ቢጫ ከሆነች ወይ ከተሰነጠቀች ዋጋ አስቀንሱ። ፍላሽ ይለካል ካላችሁ ደግሞ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ተኩሳችሁ እዩ።